«ሐር» ተብሎ የመጣው ናሙና፦ የአንድ የትምህርት ቤት ፎረንሲክ ኪት ግምገማ

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የፎረንሲክ ሳይንስ ማስተማሪያ ተብሎ የሚሸጥ አንድ የፋይበር ማስረጃ ኪት፣ አብረውት ከመጡት ስድስት ማይክሮስኮፖች ጋር፣ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት በሁለት ክፍሎች ውስጥ ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። ዕቃውን ለመግዛት የሚያስቡ መምህራን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ «ማይክሮስኮፑ ጥሩ ነው ወይ?» ብለው ነው፤ ለዚህ ጥያቄ መልሴ አዎ ነው። ከኪቱ ጋር የሚመጣው ጽሑፍ፣ በተለይም «የመርማሪው መልስ» የሚል ርእስ የተሰጠው ካርድ፣ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚወደስ አይደለም። ማይክሮስኮፑ ተማሪው በጥንቃቄ እንዲያይ ሲያስተምረው፣ ካርዱ ደግሞ ካየው በላይ እንዲናገር ይገፋፋዋል። ግምገማዬ በአብዛኛው የሚያተኩረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው አለመጣጣም ላይ ነው።

በሳጥኑ ውስጥ የጥጥ፣ የሱፍ፣ የሐር፣ የሊነን፣ የሬዮን፣ የናይለን፣ የፖሊስተር እና የአክሪሊክ ስም የተጻፈባቸው ስምንት ትናንሽ ፖስታዎች፣ ስም የሌላቸው አራት «ከወንጀሉ ስፍራ የተገኙ» ናሙናዎች፣ ስላይዶችና መሸፈኛ መስታወቶች፣ ወረንጦዎች፣ ጥቅል ግልጽ ፕላስተር፣ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት የፖላራይዘር ፊልሞች፣ በዓይን ሌንስ ውስጥ የሚገባ አንድ መለኪያ፣ የመመሪያ መጽሔት እና የአራት ተጠርጣሪዎች ታሪክ ይገኛሉ። ዕቃዎቹ በደንብ ታሽገው ነው የመጡት፤ በመንገድ የተሰበረ አንድም መስታወት አልነበረም።

ማይክሮስኮፖቹ ባለ አንድ ዓይን ናቸው። 10 እጥፍ የሚያጎላ የዓይን ሌንስ፣ እንዲሁም 4፣ 10 እና 40 እጥፍ የሚያጎሉ ሦስት ኦብጀክቲቭ ሌንሶች ስላሏቸው፣ ሁለቱ ሲባዙ 40፣ 100 እና 400 እጥፍ ያጎላሉ። በማሸጊያው ላይ በትልቅ ፊደል የታተመው «1000 እጥፍ» የሚለው ቁጥር የሚገኘው ግን 25 እጥፍ የሚያጎላውን ተጨማሪ የዓይን ሌንስ ከ40ው ኦብጀክቲቭ ጋር በማጣመር ነው። ይህ ቁጥር ሐሰት ነው ባይባልም የሚያሳስት ነው። የ40ው ኦብጀክቲቭ ኒውመሪካል አፐርቸር፣ ማለትም ብርሃን የመሰብሰብ አቅሙን የሚገልጸው ቁጥር፣ 0.65 ነው፤ በዚህ አቅም በአረንጓዴ ብርሃን ለያይቶ ማየት የሚቻለው ትንሹ ርቀት ግማሽ ማይክሮሜትር ያህል ሲሆን፣ ጠቃሚ የሚባለው የማጉላት ወሰንም ከ650 እጥፍ ብዙም አያልፍም። ከዚያ በላይ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አዲስ ዝርዝር አይጨምርም፤ ከመተለቁም ጋር ይደበዝዛል። ተማሪዎቼ ይህን በራሳቸው ዓይን እንዲያዩ አንድ ክፍለ ጊዜ ከሰጠኋቸው በኋላ ተጨማሪውን ሌንስ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ እስካሁን የፈለገው ሰው የለም።

በ100 እና በ400 እጥፍ የሚታየው ምስል ግን ለዚህ ደረጃ ከበቂ በላይ ነው። ሌንሶቹ የመስታወት ናቸው፤ የኤልኢዲ መብራቱ አይሞቅም፤ በ100 እጥፍ የጠራው ምስል ወደ 400 ሲዛወር ትንሽ የማስተካከያ መዞር ብቻ ነው የሚፈልገው። ዋነኛው ጉድለት ስላይዱን በሁለት መያዣ ምላሶች ከመያዝ ያለፈ፣ በጥርስ የሚንቀሳቀስ የስላይድ መግፊያ አለመኖሩ ነው። በ400 እጥፍ የሚታየው ክብ ስፋቱ 0.45 ሚሊሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ስላይዱን በጣቱ የሚገፋ ተማሪ ፋይበሩን አንዴ ካጣው መልሶ ለማግኘት ወደ 40 እጥፍ ወርዶ ፍለጋውን እንደገና መጀመር አለበት። ከስድስቱ የአንዱ ፎከስ ማስተካከያም ከአራት ወር በኋላ መላላት ጀምሯል፤ ተማሪው እጁን ሲያነሳ ምስሉ ቀስ እያለ ይሸሻል።

ከመድረኩ ሥር ያለው፣ አይሪስ የሚባለው የብርሃን መመጠኛ፣ በመመሪያው ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መጠቀሱ አስገርሞኛል፤ በእኔ ልምድ ከማንኛውም ቁልፍ ይልቅ የሥራውን ውጤት የሚወስነው እርሱ ነውና። ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያ ብርሃኑን እስከ ጥጉ ይከፍተዋል፤ ብዙ ብርሃን ማለት ጥሩ እይታ ማለት ይመስለዋል። ቀለም የሌለው ፋይበር ግን በብዙ ብርሃን ውስጥ ይጠፋል፤ አይሪሱ ጠበብ ሲል የፋይበሩ ጠርዝ፣ ጥምዝና የገጽታው ምልክቶች ብቅ ይላሉ። ከልክ በላይ ሲጠብ ደግሞ በጠርዙ ዙሪያ በእውነት የሌሉ መስመሮች ይፈጠራሉ፤ አንድ ተማሪ እነዚህን መስመሮች ሥሎ «ድርብ ግድግዳ» የሚል ስም ሰጥቷቸው ነበር። ትክክለኛውን መጠን መፈለግ በቃል የሚነገር ሳይሆን በእጅ የሚለመድ ነገር ነው፤ ለዚህ የሚጠፋው ሰዓትም የባከነ አይደለም።

ከዚህ ጋር የሚያያዘውና ኪቱ ጨርሶ የዘለለው ጉዳይ ፋይበሩ የሚቀመጥበት ፈሳሽ ነው። መመሪያው ፋይበሩን በደረቁ በስላይዱ ላይ አኑሮ በመስታወት መሸፈን ይበቃል ይላል። አየር የብርሃን ስብረት መጠኑ 1.00 ሲሆን የአብዛኞቹ ፋይበሮች ግን ከ1.5 በላይ ስለሆነ፣ በደረቅ ስላይድ ላይ ብርሃኑ በጠርዙ ላይ ክፉኛ ተሰብሮ ፋይበሩ በሁለት ወፋፍራም ጥቁር መስመሮች መካከል እንደ ተዘረጋ ጠባብ ነጭ መንገድ ይታያል፤ በውስጡ ያለው ነገር ሁሉ ይሸፈናል። አንድ ጠብታ ውሃ፣ ስብረቱ 1.33 በመሆኑ፣ ነገሩን በእጅጉ ያሻሽለዋል፤ ይሁን እንጂ ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ይደርቃል። እኛ የመረጥነው ግሊሰሪንን ነው፤ ስብረቱ 1.47 ሲሆን አይደርቅም፤ የጥቁሩ መስመር ውፍረትም ወደ ቀጭን ጠርዝ ይወርዳል። ይህን ያህል ርካሽ የሆነና ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ነገር ከሳጥኑ ውስጥ መቅረቱ ይቅርታ የማላደርግለት ስንፍና ነው።

ወደ ፋይበሮቹ ስመጣ፣ የጥጡ ናሙና የኪቱ ምርጥ ክፍል መሆኑን በደስታ እመሰክራለሁ። ጥጥ በዘር ቅርፊት ላይ የበቀለ ነጠላ ሕዋስ ነው፤ ፍሬው ሲፈነዳና ሲደርቅ ቱቦው ይሟሽሽና እንደ ተጠማዘዘ ሪባን ይሆናል። በ100 እጥፍ ጥምዞቹ፣ በ400 ደግሞ በመካከሉ የሚያልፈው ባዶ ቦይ በግልጽ ይታያሉ። በኪቱ ውስጥ ያለው ጥጥ ያልታከመ መሆኑ ጠቅሟል፤ ከጥጥ የተሠራ የልብስ ስፌት ክር ብዙውን ጊዜ በኮስቲክ ሶዳ የታከመ፣ መርሰራይዝድ የሚባለው ዓይነት በመሆኑ ፋይበሩ አብጦና ተቃንቶ ጥምዙን በአብዛኛው ያጣል። ይህን ሕክምና ጆን መርሰር የተባለው እንግሊዛዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያገኘው ሲሆን፣ በጨርቅ ሥራ የተለመደው ግን በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። አንድ መምህር ናሙናውን ከስፌት ክር ሊተካ ቢያስብ ይህን ማወቅ ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ተማሪው መጽሐፉ ያለውን ሪባን ሲፈልግ ይውላል።

ሱፉም መልካም ነው፤ በላዩ ላይ እንደ ጣሪያ ክዳን የተነባበሩት ቅርፊቶች አይሪሱ ጠበብ ሲል ጎልተው ይወጣሉ፤ ተማሪ አንዴ ካያቸው ሱፍን ከሌላ ነገር ጋር አያምታታም። ሊነኑ በየርቀቱ እንደ ሸንበቆ አንጓ የሚመስሉ አግድም ምልክቶች አሉት። ሬዮኑ በርዝመቱ የተሰነተሩ መስመሮችን ያሳያል። ስለ ናይለን እና ስለ አክሪሊክ ብዙ የሚባል የለም፤ ሁለቱም ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት ያላቸው ለስላሳ ዘንጎች ናቸውና በተራ ብርሃን ብቻ አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚሞክር ተማሪ በግምት ላይ ይወድቃል። መመሪያው ግን «በቅርጻቸው ይለያሉ» ብሎ ያልፋል።

የመለኪያው ነገር ባጭሩ ይኸው ነው። በዓይን ሌንስ ውስጥ የሚገባው መለኪያ አንድ ክፍሉ በ400 እጥፍ 2.5 ማይክሮሜትር ነው ተብሎ ተጽፎበታል፤ አንድ ሚሊሜትር ለ100 በተከፈለበት የስላይድ መለኪያ ስንፈትሸው በአንደኛው ማይክሮስኮፕ 2.6 ሆኖ አገኘነው። ልዩነቱ 4 በመቶ በመሆኑ 20 ማይክሮሜትር በሆነ ፋይበር ላይ ከአንድ ማይክሮሜትር በታች ስሕተት ብቻ ነው የሚያመጣው፤ ቢሆንም የታተመውን ቁጥር ከመቀበል በፊት መፈተሽ በኋላ የሚጠቅማቸው ልማድ ሆነ።

የፖላራይዘር ፊልሞቹ ከዋጋቸው አንጻር ከኪቱ ሁሉ የላቁ ናቸው እላለሁ። አንዱ ከመብራቱ በላይ ይነጠፋል፤ ሁለተኛው በዓይን ሌንሱ ላይ ይደረጋል፤ የላይኛው እየተዞረ ሁለቱ ሲሰቀሉ፣ ማለትም አቅጣጫቸው እንደ መስቀል ቀጥ ባለ ማዕዘን ሲተላለፍ፣ ሜዳው ይጨልማል። በጨለማው ውስጥ ፋይበሩ ብቻውን ያበራል፤ ይህን ያየ ክፍል ዝም አይልም። የሚያበራበት ምክንያት ብርሃን በፋይበሩ ርዝመት አቅጣጫና ከእርሱ ቀጥ ባለው አቅጣጫ በተለያየ ፍጥነት ስለሚያልፍ ነው። በሁለቱ የስብረት መጠኖች መካከል ያለው ልዩነት በናይለን 0.06 ገደማ፣ በፖሊስተር ከ0.15 በላይ ሲሆን፣ በአክሪሊክ ደግሞ ከ0.005 የማይበልጥ ኢምንት ነው። ይህን ልዩነት በፋይበሩ ውፍረት ማባዛት ነው የሚያስፈልገው፤ 20 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ናይለን 1200 ናኖሜትር ያህል የብርሃን መዘግየት ስለሚፈጥር ደማቅ ቀለማት ያሳያል። በዚያው ውፍረት ያለ ፖሊስተር መዘግየቱ ከ3000 ናኖሜትር ስለሚያልፍ ቀለማቱ ተደራርበው መካከሉ ነጣ ያለ፣ ጠርዙ ግን በቀጫጭን የቀለም ሰልፎች የታጠረ ይሆናል። አክሪሊኩ ግን ግራጫማ ሆኖ እምብዛም ሳያበራ ይቀራል። በተራ ብርሃን አንድ የሚመስሉት ሦስት ዘንጎች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተለያዩ ማለት ነው። የጥጡም ጠባይ የሚገርም ነው፤ ሌሎቹ በተዞሩ ቁጥር በየ90 ዲግሪው ፈጽመው ሲጨልሙ፣ ጥጥ ግን በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ጭረቶች በየቦታው አቅጣጫ እየቀየሩ ስለሚጠመዘዙ መቼም ሙሉ በሙሉ አይጨልምም።

በኪቱ ላይ ያለኝን ዋነኛ ቅሬታ ያወጣው ይኸው የፖላራይዘር ሥራ ነው። በሁለተኛው ወሩ አንድ የአራት ተማሪዎች ቡድን «ሐር» ተብሎ በተጻፈበት ፖስታ ውስጥ ያለው ናሙና አልስማማ እንዳላቸው ነገሩኝ። መጀመሪያ ስላይድ ያሳሳቱ መስሎኝ ነበር፤ ስለዚህ ከፖስታው አዲስ ክር አውጥቼ ራሴ ሠራሁት። ሙጫው የወጣለት ሐር በተለምዶ ከ10 እስከ 13 ማይክሮሜትር የሚሆን ውፍረት አለው፤ እኛ የለካነው ወደ 19 ገደማ ነበር። ሐር በተሰቀሉ ፖላራይዘሮች መካከል ደማቅ ቀለማት ያሳያል ተብሎ የሚጠበቅ ሲሆን፣ ይህ ግን ነጣ ብሎ በጠርዙ ላይ ብቻ ባለቀለም ሰልፍ ነበረው። በተራ ብርሃን ደግሞ በመላው ርዝመቱ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ተበትነውበት አየን። እነዚህ ነጠብጣቦች በሰው ሠራሽ ፋይበር ውስጥ ብልጭታውን ለመቀነስ በፋብሪካ የሚጨመረው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ቅንጣቶች ናቸው፤ ብርሃን ከሥር ሲመጣ ስለሚከልሉት ጥቁር ይመስላሉ። የሐር ትል ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አትጨምርም።

ተማሪዎቹ በዚህ አልረኩም፤ የአግድም ቁርጡን ማየት ፈለጉ። በቀጭን የፕላስቲክ ሳህን ላይ በመርፌ ቀዳዳ በስተን፣ ፋይበሮቹን ከሌላ ባለቀለም ክር ጋር አጅበን በቀዳዳው ሳብናቸው፤ ከዚያም በሁለቱም ወገን በአዲስ ምላጭ ከሳህኑ ጋር እኩል ቆረጥናቸው። ምላጩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ይህን ለተማሪ እንዲተዉ አልመክርም። የሐር ቁርጥ ማዕዘኖቹ የተለዘቡ ሦስት ማዕዘን ነው፤ በፊታችን የነበሩት ግን ክብ ነበሩ። በመጨረሻ ጥቂቱን በጭስ ማውጫው ሥር አቃጠልነው። ሐር ቢሆን ኖሮ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ሸትቶ በጣት የሚደቅ አመድ ይተው ነበር፤ ይኸኛው ቀልጦ ተንጠባጠበና ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ሆነ። አምስት የተለያዩ መንገዶች ወደ አንድ መልስ አደረሱን፤ ፖስታው የያዘው ፖሊስተር ነበር።

ስሕተት በማንኛውም ማሸጊያ ክፍል ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ብቻ አልከስም። የሚከፋው ግን በመመሪያው ውስጥ ያለው የሐር ፎቶግራፍም ያው ባለ ነጠብጣብ ዘንግ መሆኑ ነው። ይህ ማለት ፎቶግራፉን ያነሳው ሰው የፖስታውን ጽሑፍ አምኖ፣ የሚያየውን ነገር ሳይጠይቅ አንስቶታል ማለት ነው። በፎረንሲክ ላቦራቶሪ ውስጥ የታወቀ ናሙና የተባለው ነገር ከተሳሳተ፣ ከእርሱ ጋር ተነጻጽሮ የሚሰጠው መልስ ሁሉ ይሳሳታል። ለሻጩ ድርጅት ፎቶግራፎቻችንን አያይዘን ጻፍን፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትክክለኛ የሐር ናሙና ከይቅርታ ጋር ደረሰን። ስለ ፎቶግራፉ የጠየቅነው ግን እስካሁን መልስ አላገኘም፤ በኋላ የተገዛ አንድ ሌላ ኪትም አይቼ ያው ገጽ እንዳለ ነበር።

የመሰብሰቢያ ዕቃዎቹ ይሠራሉ፤ ወረንጦዎቹ ጫፋቸው በትክክል ይገጥማል፣ ፕላስተሩም ከልብስ ላይ ፋይበር በደንብ ያነሳል። ሆኖም ፕላስተሩ ከጥቅሉ ሲወጣ ንጹሕ መሆኑን መፈተሽ የሚያስፈልግ መሆኑን መመሪያው አይነግርም። ምንም ያልነካ ቁራጭ ፕላስተር በስላይድ ላይ ለጥፈን ስናይ አሥራ አንድ ፋይበሮች ቆጠርን፤ አብዛኞቹ ነጭ ጥጥ ነበሩ፤ የመጡትም ከለበስናቸው ነጭ ጋውኖች ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ቡድን ከማስረጃው ስላይድ ጎን አንድ ባዶ ስላይድ እንዲያዘጋጅ አድርጌአለሁ። ነጭ ጥጥ በሁሉም ቦታ የሚገኝ በመሆኑ በእውነተኛው ምርመራም ዋጋው ዝቅተኛ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ታሪኩና ወደ ካርዱ ልምጣ። ታሪኩ የሚጀምረው በኤድሞን ሎካር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1910 በፈረንሳይ በሊዮን ከተማ የፖሊስ ላቦራቶሪ ያቋቋመው ሰው፣ «ማንኛውም ንክኪ ዱካ ይተዋል» እየተባለ ከሚጠቀሰው መርህ ጋር ስሙ የሚነሳ ነው። መጀመሪያው ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መስረቁ ከተፈጸመ ከሦስት ቀን በኋላ የተያዘ ተጠርጣሪ፣ በእነዚያ ቀናት ሁሉ ለብሶት በቆየው ሹራብ ላይ ከተሰረቀበት ክፍል ምንጣፍ የመጡ በርካታ ፋይበሮች ይገኙበታል። ዱካ መተው አንድ ነገር ነው፤ ዱካው መቆየቱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ፓውንድስ እና ስሞልደን የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ሥራ፣ ልብሱ እየተለበሰ ሲቆይ ወደ እርሱ ከተሸጋገሩት ፋይበሮች አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንደሚረግፉ አሳይተዋል። ሦስት ቀን ሙሉ በተለበሰ ልብስ ላይ የሚገኝ ብዛት፣ አስተዋይ መርማሪን ሊያስደስተው ሳይሆን ሊያጠራጥረው ይገባል፤ ምናልባት ፋይበሩ የመጣው በኋላ፣ ምናልባትም በፖሊስ መኪና ወንበር በኩል ሊሆን ይችላል። ይህ ለተማሪ እጅግ ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ታሪኩ ግን አያነሳውም።

«የመርማሪው መልስ» ካርድ የሚዘጋው «ፋይበሩ ስለተመሳሰለ ሌባው ሁለተኛው ተጠርጣሪ ነው» በሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ካርዱን ለተማሪ ላለመስጠት ወሰንኩ። ፋይበር በመሠረቱ የቡድን ማስረጃ ነው፤ ይህ ክር ከዚያ ዓይነት ጨርቅ ሊመጣ ይችላል ያሰኛል እንጂ ከዚያ ሰው ልብስ ብቻ መጥቷል አያሰኝም። አንድ ፋብሪካ በአንድ ቀለም የነከረው ክር በሺህ የሚቆጠሩ ልብሶች ሆኖ ይበተናል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሰፊ ሪፖርት፣ ሁለት ፋይበሮች ከአንድ የምርት ዙር መጥተዋል ለማለት ስንት ምልክቶችና ምን ዓይነት ምልክቶች መገጣጠም እንዳለባቸው የተቀመጠ መስፈርት አለመኖሩን ጠቁሟል። በፀጉር ማስረጃ ረገድ የደረሰው ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው፤ የኤፍቢአይ መርማሪዎች በማይክሮስኮፕ ስለተነጻጸረ ፀጉር በፍርድ ቤት የሰጡት ምስክርነት ሲከለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 እንደተገለጸው፣ ከታዩት የችሎት ቃለ ጉባኤዎች ቢያንስ በ90 በመቶው ውስጥ የተሳሳተ አነጋገር ተገኝቷል። በእነዚያ ችሎቶች ከሰዎች አንደበት የወጣው ከዚህ ካርድ ዓረፍተ ነገር ብዙም የራቀ አልነበረም።

ፋይበር ከባድ ማስረጃ የሚሆንበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። መመሪያው በሁለት መስመር ብቻ የሚያልፈው የአትላንታው ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። በአሜሪካዋ አትላንታ ከተማ በነፍስ ግድያ የተከሰሰው ዌይን ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1982 ጥፋተኛ ሲባል በችሎቱ ላይ ዋናውን ቦታ የያዘው የፋይበር ማስረጃ ነበር። በሟቾች ላይ የተገኘው አረንጓዴ የምንጣፍ ናይለን ቁርጡ ሦስት ክንፍ ያለው፣ ሁለቱ ክንፎች ረዣዥም ሦስተኛው አጭር የሆነ እንግዳ ቅርጽ ነበረው፤ መርማሪዎቹ ይህን ቅርጽ ይዘው እስከ አምራቹ፣ ከአምራቹም እስከ ምንጣፍ ሠሪው የሽያጭ መዝገብ ድረስ ሄዱ። በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በአካባቢው ከ7792 ቤቶች በአንዱ እንዲህ ያለ ምንጣፍ ይገኛል የሚል ስሌት ቀረበ። ስሌቱ የቆመባቸው ግምቶች ሲያከራክሩ ኖረዋል። የክብደቱ ምንጭ ግን ግልጽ ነው፤ ብርቅ ቅርጽ፣ የተመዘገበ የሽያጭ ብዛት፣ ከዚህም በላይ ከዚያው ቤትና መኪና የመጡ የሚመስሉ ሌሎች ፋይበሮችና የውሻ ፀጉር አብረው መገኘታቸው ነው። ኪቱ ይህን ጉዳይ በሁለት ገጽ ዘርዝሮት ቢሆን ኖሮ ከአራቱ ተጠርጣሪዎች ተረት እጅግ ይሻል ነበር።

በሁለተኛው ክፍል ካርዱን በራሴ ቅጽ ተካሁት። ቅጹ ተማሪው ያየውን፣ የለካውን፣ በባዶው ስላይድ ላይ የነበረውን፣ እንዲሁም ናሙናው ከታወቀው ጋር የማይስማማበትን ነጥብ እንዲጽፍ ይጠይቃል፤ የተጠርጣሪ ስም የሚሞላበት ቦታ የለውም። ይህን ሲያዩ ቅር የተሰኙ ተማሪዎች ነበሩ፤ ሌባውን መያዝ ፈልገው ነበርና። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ክፍል አብዛኞቹ ቡድኖች በሃያ ደቂቃ ውስጥ መልስ ሰጥተው ማይክሮስኮፑን ሲያጠፉ፣ በሁለተኛው ክፍል ደወሉ ከተደወለ በኋላም ፎከስ የሚያስተካክሉ ነበሩ። ሁለት ናሙናዎችን ጎን ለጎን በአንድ እይታ የሚያሳየው ኮምፓሪዘን ማይክሮስኮፕ ስለሌለን፣ ሁለት ማይክሮስኮፖችን አጠጋግተን በእያንዳንዱ ዓይን ሌንስ ላይ የስልክ ካሜራ በመደገፍ ፎቶግራፎቹን በአንድ ስክሪን ላይ አሰለፍናቸው። ቀለምን ለማነጻጸር ይህ አያስተማምንም፤ ሁለቱ ካሜራዎች ቀለምን በየራሳቸው ያስተካክላሉና። ቅርጽንና ውፍረትን ለማየት ግን አገልግሏል።

ስለዚህ ለሚገዙ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። ሻጩ ማይክሮስኮፖቹንና ፖላራይዘሮቹን ለብቻ የሚሸጥ ከሆነ እነዚያን ይግዙ፤ የፋይበር ናሙናዎችን ምንጫቸው ከሚታወቅ ጨርቅ በራስዎ ያሰባስቡ፤ የስላይድ መለኪያና ግሊሰሪን ይጨምሩበት። ሙሉውን ኪት ከመግዛት ሌላ አማራጭ ከሌለ ደግሞ ይግዙት፤ ነገር ግን ለተማሪዎች ከማደልዎ በፊት ስምንቱንም ፖስታዎች አንድ በአንድ በፖላራይዘር ይመልከቱ፤ ካርዱንም ያስቀሩት። የልብስንና የምንጣፍን ቁራጭ በዝቅተኛ ጉልበት የሚያሳይ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ላቦራቶሪው ከሌለው፣ ከ400 እጥፍ በፊት የእርሱ መገኘት ይቀድማል፤ ፋይበሩን ፈልጎ በወረንጦ ማንሳት የሚቻለው ከ10 እስከ 40 እጥፍ ባለው እይታ ነውና።

የመጀመሪያውን የ«ሐር» ፖስታ አልጣልኩትም። ጽሑፉን ሳልፍቅ ከአዲሶቹ ናሙናዎች ጋር መልሼ አስቀምጬዋለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ተማሪዎች በስንተኛው ሳምንት እንደሚያነሱብኝ ለማየት።